በዲሴምበር ወደ ብሉ ስፕሪንግ፦ ብርዱን ቀን ለማናቲ፣ ሙቁን ቀን ለልጆቹ

ጥያቄው፦ «የምንኖረው አትላንታ ነው። ከዲሴምበር 26 እስከ 31 ኦርላንዶ አጠገብ ኪሲሚ ቤት ተከራይተን እንቆያለን። 11 ሰዎች ነን፤ አራቱ ልጆች ናቸው። ከአዲስ አበባ የመጡት እናቴ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ብዙ መራመድ አይችሉም። ብሉ ስፕሪንግ ስቴት ፓርክ የሚባል ሞቅ ያለ የተፈጥሮ ምንጭ እንዳለ ሰምተናል። በ28 ሄደን፣ ልጆቹ ዋኝተው፣ ምሳችንን በልተን ልንመለስ አስበናል። ስንት ሰዓት እንድረስ? ምን እንያዝ?»

እህቴ፣ ዕቅድዎን ከሥሩ የሚቀይረውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት። በዲሴምበር ብሉ ስፕሪንግ ውስጥ አይዋኝም። ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 31፣ በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 6 እስከ መጋቢት 22 ማለት ነው፣ ውኃው የባሕር ላም ለሚባሉት ግዙፍ የውኃ እንስሳት፣ ለማናቲዎች ብቻ ይለቀቃል። ዋና፣ በጎማ መንሳፈፍ፣ ታንኳ፣ ጠለቃ፣ ሁሉም ይቆማል። ለልጆቹ ይህን ቤት ሳላችሁ ንገሯቸው። የዋና ልብሱን ለብሶ የመጣ ልጅ እንደ መስታወት የጠራ ውኃ አጠገብ ቆሞ መግባት ሲከለከል ቀኑ ሙሉ ይበላሽበታል።

ጉዞውን ግን አይሰርዙት። እናንተ የምትመጡበት ሳምንት ምንጩ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ማናቲዎች ሊታዩ የሚችሉበት ጊዜ ነው። ዋናውን በሌላ ቀን፣ በሌላ ምንጭ አድርጉት። ከሁሉም በላይ ደግሞ «በ28» ብላችሁ ከአሁኑ ቀን አትቁረጡ። ቀኑን የሚቆርጠው የአየሩ ሁኔታ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

«ሞቅ ያለ ምንጭ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሶደሬን ወይም ወንዶ ገነትን ነው። ብሉ ስፕሪንግ ግን ፍል ውኃ አይደለም። የሶደሬን ውኃ የሚያሞቀው ስምጥ ሸለቆው ሥር ያለው የምድር ትኩሳት ነው፤ ብሉ ስፕሪንግ ሥር እንዲህ ያለ ነገር የለም። እዚህ የዝናብ ውኃ በአሸዋው ሰርጎ ወደ ኖራ ድንጋዩ ይወርዳል፣ ድንጋዩን እያሟሟ ዋሻና መተላለፊያ ይከፍትበታል፣ ከዚያም በራሱ ግፊት መሬቱ በተቀደደበት ቦታ ፈንቅሎ ይወጣል። ከመሬት በታች ብዙ ስለሚቆይ የአካባቢውን የዓመት አማካይ ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ ክረምት ከበጋ 72 ወይም 73 ፋራናይት ነው፤ በሴልሺየስ 22 ተኩል ግድም። በኦገስት ሲገቡበት ያንዘፈዝፋል፤ በጃንዋሪ ማለዳ ደግሞ ከላዩ ጉም ይነሣል። የሚለዋወጠው አየሩ ነው፣ ውኃው ያው ነው።

ከዚህ ምንጭ በቀን ወደ 100 ሚሊዮን ጋሎን፣ ወደ 380 ሚሊዮን ሊትር ይወጣል። ውኃው አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ተጉዞ ሴንት ጆንስ የሚባለው ወንዝ ውስጥ ይገባል። ወንዙ የቅጠልና የሥር ጭማቂ ስላለበት እንደ ሻይ የጠቆረ ነው፤ ምንጩ አረንጓዴ ያዘለ ሰማያዊ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ መስመሩ በዓይን ይለያል።

ማናቲ ሣር በል እንስሳ ናት። ያደገችው 3 ሜትር ያህል ትረዝማለች፣ 450 ኪሎ ግድም ትመዝናለች። ግዙፍነቷን ያየ ሰው በስብ የተሸፈነች ይመስለዋል፤ ነገር ግን እንደ ዓሣ ነባሪ ወፍራም የስብ ሽፋን የላትም። ውኃው ከ68 ፋራናይት፣ ከ20 ሴልሺየስ በታች ሆኖ ሲቆይ ሆዷ መፍጨት ያቅተዋል፣ ቆዳዋ ይቆስላል፣ ትሞታለች። ወንዙ ሲቀዘቅዝ 22 ተኩል ዲግሪ ለእሷ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ወደ ምንጩ የምትመጣው ለመብል አይደለም፤ ምንጩ ውስጥ የምትበላው የለም ማለት ይቻላል። የምትመጣው ለመሞቅ ነው። ጥቂት ሲሞቅ ወደ ወንዙ ወጥታ ትግጣለች፣ ማታ ትመለሳለች።

እንግዲህ ቀን የምትመርጡት በዚህ ነው። ወንዝ እንደ አየር ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ብርዱ ከገባ በኋላ ሁለትና ሦስት ሌሊት ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ብርድ ማለዳ አትሩጡለት። ከሰሜን ቀዝቃዛ አየር ወርዶ በተከታታይ ሁለት ሌሊት 40ዎቹ ፋራናይት ውስጥ ካደረ፣ ሦስተኛው ማለዳ የእናንተ ነው። በተቃራኒው በፈረንጅ ገና ሰሞን ፍሎሪዳ ውስጥ ለቀናት 80 ፋራናይት የሚሞቅበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ወንዙም ስለሚሞቅ ምንጩ ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ብቻ ልታገኙ፣ ጭራሽ ላታገኙም ትችላላችሁ። በጃንዋሪ 2024 በአንድ ማለዳ 932 ተቆጥረዋል፤ ፎቶው በየቦታው ስለተሰራጨ ብዙ ሰው ሁልጊዜ እንደዚያ ይመስለዋል። ያ ብርዱ የጠናበት ጊዜ ነበር።

ስድስት ቀን ስላላችሁ ዕድሉ አላችሁ። 24 እና 25 ላይ የሳምንቱን ትንበያ አይታችሁ ሁለት ማለዳ ያዙ፤ አንዱ ለመጠባበቂያ ነው። 28 ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ ገብርኤል የሚውልበት ቀን ስለሆነ እናትዎ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንደሚፈልጉም አስቡበት። ሴቭ ዘ ማናቲ ክለብ የሚባለው ማኅበር ምንጩ ላይ የተከላቸው ካሜራዎች በቀጥታ ስለሚያሳዩ፣ ዋዜማውን ጠዋት ከፍታችሁ ተመልከቱ። የፓርኩ ሠራተኞችም በየማለዳው በታንኳ ወጥተው ይቆጥራሉ፤ ትናንት የተቆጠረው 200 ከሆነና ሌሊቱ ካልሞቀ ነገም ብዙ ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ በሩ። ከዚህ በታች ያለውን ሰዓት ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ፓርኩ 8 ሰዓት ጠዋት ይከፈታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። ከፈረንጅ ገና እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ያለው ሳምንት ደግሞ እጅግ ከሚጨናነቅባቸው ጊዜያት አንዱ ነው። የመኪና ማቆሚያው ሲሞላ በሩን ይዘጉታል፤ የገባው እስኪወጣ አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ሊሆን ይችላል። በ10 የደረሰ ቤተሰብ ተመልሶ ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው። ከ7 ሰዓት ተኩል በፊት ሰልፉ ላይ ሁኑ። ከኪሲሚ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ 6 ሰዓት ላይ ሁሉም መኪና ውስጥ መሆን አለበት። ልጆቹ ቁርሳቸውን መኪና ውስጥ ይብሉ።

መግቢያው በመኪና 6 ዶላር ነው፤ ይህም እስከ 8 ሰው ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ለሚሆነው ለእያንዳንዱ ሰው 2 ዶላር ይጨመራል። እናንተ 11 ስለሆናችሁ በአንድ ቫን ብትመጡ 6 እና 6፣ 12 ዶላር፤ በሁለት መኪና ብትመጡም 12 ዶላር ነው። በገንዘብ ልዩነት የለውም። እንደ እኔ ግን አንዱ ቫን ይሻላል፤ በሁለት መኪና ስትመጡ አንዱ ገብቶ በሩ በሁለተኛው ፊት ሊዘጋ ይችላል፣ ምሳው ደግሞ ሁልጊዜ ውጭ የቀረው መኪና ውስጥ ነው።

አድራሻውን ስትጽፉ «ብሉ ስፕሪንግ» ብቻ አትበሉ። ፍሎሪዳ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠሩ ምንጮች ብዙ ናቸው። ማዲሰን ብሉ ስፕሪንግ አለ፣ ጊልክሪስት ብሉ ስፕሪንግስ አለ፣ ጃክሰን ብሉ ስፕሪንግ አለ። እናንተ ከአትላንታ በአውራ ጎዳና 75 ስለምትወርዱ ስልኩ ቅርብ ያገኘውን ሊመርጥላችሁ ይችላል፤ ጊልክሪስት ደግሞ ከምትፈልጉት ቦታ የሁለት ሰዓት መንገድ ያህል ይርቃል። «ኦሬንጅ ሲቲ፣ ዌስት ፍሬንች አቬኑ» ብላችሁ ጻፉ። ከተማዋ ያለችው ቮሉሽያ ካውንቲ ነው፤ ኦርላንዶ ካለበት ኦሬንጅ ካውንቲ ጋር በስም ብቻ ነው የሚመሳሰሉት። ከኪሲሚ አይ-ፎር የሚባለው አውራ ጎዳና የኦርላንዶን መሐል ከተማ ሰንጥቆ ይወስዳችኋል፤ ማለዳ ባዶ ነው። ስትመለሱ ከተጨናነቀ ግን ሳንፎርድ ላይ 417ን ያዙ። የክፍያ መንገድ ነው፤ የጆርጂያው የመንገድ መክፈያ፣ ፒች ፓስ፣ እዚያም ይሠራል። ቫኑ የኪራይ ከሆነ ታርጋውን አስቀድማችሁ ፒች ፓሱ ላይ አስመዝግቡ፤ አለዚያ የኪራይ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ከመንገዱ ዋጋ በላይ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ።

ስለ እናትዎ ብዙም አይስጉ። ከማቆሚያው ወጥቶ በምንጩ ዳር የሚሄደው መንገድ ከእንጨት የተነጠፈ ነው፤ በየቦታው ወደ ውኃው የወጣ መመልከቻ ሰገነት አለው። አንዱ ጫፍ ወንዙ አጠገብ ነው፣ ሌላው ውኃው ከምድር የሚወጣበት ጉድጓድ ጋ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግማሽ ማይል ግድም ነው። ተሽከርካሪ ወንበርም የልጅ ጋሪም ይሄድበታል። ወንበር ካላችሁ ይዛችሁ ኑ። እናትዎ በእግራቸው ካሉ እስከ ጫፍ አይውሰዷቸው፤ ለመኪና ማቆሚያው ቅርብ ወደሆነው ወደ ወንዙ በኩል ያለው ሰገነት ይበቃል። በብርድ ማለዳ ማናቲዎችን ከዚያም ሆኖ ማየት ይቻላል። ጠዋት እንጨቱ ጤዛ ስለሚይዝ ያንሸራትታል፤ ቆዳ ሶል ጫማ አያድርጉ።

ምን ይያዝ ላሉት፣ ከሁሉ የሚበልጠው ነጸብራቅ የሚቀንስ መነጽር ነው፤ ፖላራይዝድ የሚባለው። ያለ እሱ ሰማዩን ውኃው ላይ ታያላችሁ፤ በእሱ ግን ታች ያለችውን እንስሳ እስከ ጭራዋ ታያላችሁ። ርካሹም ይሠራል፤ ለልጆቹ ሁለት ገዝታችሁ ይቀባበሉ። ልብስ ተደራራቢ ይሁን፤ 7 ሰዓት ላይ 45 ፋራናይት የነበረው ከቀትር በኋላ 70 ሊገባ ይችላል።

መመልከቱም ብልሃት አለው። ልጆች ሰገነት ላይ ደርሰው ሰላሳ ሰከንድ ያዩና «ግንድ ብቻ ነው» ብለው ያልፋሉ። ያ ግንድ የተኛች ማናቲ ነው። አንዱን ምረጡና ሰዓት ይዛችሁ ጠብቁ። ስትንቀሳቀስ በሦስትና በአምስት ደቂቃ፣ ተኝታ ከሆነ እስከ 20 ደቂቃ ቆይታ ልትተነፍስ ትወጣለች። አፍንጫዋ ብቻ ብቅ ይላል፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች እንደ ክዳን ይከፈታሉ፣ ትንፋሿ «ፉፍ» ሲል ይሰማል፣ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፣ ሳትናወጥ ትሰጥማለች። ጀርባዋ ላይ ነጫጭ ትይዩ ሰንበሮች ካያችሁ የጀልባ ሞተር ቆርጧት የዳነ ቁስል ነው። ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ እያንዳንዷን የሚለዩአት በዚያ ጠባሳ ነው። ግልገል ያላት ካጋጠመቻችሁ ደግሞ የፊት ክንፏን ሥር ተመልከቱ፤ ጡቷ ያለው ብብቷ ውስጥ ስለሆነ ግልገሉ ጎኗ ላይ ተለጥፎ ይጠባል።

ታች አሸዋው ላይ ሳህን የመሰሉ ክብ ጉድጓዶች ታያላችሁ። የቆሮሶ ጎጆ ናቸው፤ የእኛው የሐዋሳና የዝዋይ ቆሮሶ ዘመድ፣ ሰማያዊ ቲላፒያ የሚሉት፣ ከአፍሪካ መጥቶ እዚህ የተራባ ነው። ማናቲዎቹ ላይ ተለጥፎ አልጌ የሚግጠው ጥቁር ዓሣ ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ ሊያርፉ የመጡትን ያስቸግራቸዋል፣ የምንጩን ዳር እየቦረቦረም ያፈርሰዋል። ሁለቱም ከውጭ ገብተው ስፍራውን የሚጎዱ ናቸው።

በወንዙ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ የጀልባ ጉብኝት አለ። ለእናትዎ ተቀምጠው የሚያዩት ስለሆነ ጥሩ ነው፤ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ጀልባው ግን ምንጩ ውስጥ አይገባም። ወፎችና አዞ መሰሉን አሊጌተር ለማየት ነው የሚሄዱት፤ ማናቲውን ከእንጨቱ መንገድ ላይ ነው የምታዩት።

ምሳ ይዛችሁ ኑ። ጾመ ነቢያት ላይ ስለምትሆኑ በቦታው የሚሸጠው ብዙም ላይስማማችሁ ይችላል። የሽሮ ፍርፍር፣ ድንች ወጥ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቡናው በፔርሙዝ። ጠረጴዛዎቹ ቀድሞ ለደረሰ ስለሆኑ አንድ ሰው 10 ሰዓት ላይ ሄዶ ጨርቅ ያንጥፍ። ምግብ ይዛችሁ ወደ ሰገነቶቹ አትሂዱ። ለማናቲ ምንም አይጣልም፤ ጎመንም ቢሆን፣ የቧንቧ ውኃም ቢሆን። መመገብም መንካትም በሕግ ያስቀጣል፣ ምክንያቱም ሰው የሚመግባት ማናቲ ወደ ጀልባ መቅረብ ትለምዳለች፤ ሰንበሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ውኃው ስለጠራ ብቻ በጠርሙስ ቀድታችሁ አትጠጡ። የከተማው የሣር ማዳበሪያና የየቤቱ ፍሳሽ ጉድጓድ ሰርጎ ናይትሬቱን ከፍ አድርጎታል፤ እንደ ፀጉር የተንዘረፈፈው አረንጓዴ አልጌም የዚያ ምልክት ነው። ድሮን ማስነሣትም ክልክል ነው።

 በግቢው ያለው ትልቁ የእንጨት ቤት ተርስቢ ሐውስ ነው፤ በ1872 ተሠራ፣ የቆመውም ቲሙኩዋ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ቀንድ አውጣ እየበሉ ቅርፊቱን በከመሩት ጉብታ ላይ ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

እስከ 11 ሰዓት ተኩል ዓይታችሁ ትጨርሳላችሁ። ፀሐይ ሲበረታ ብዙዎቹ ማናቲዎች ራሳቸው ወደ ወንዙ ይወጣሉ።

የልጆቹ ዋናስ? ዓመቱን ሙሉ የሚዋኝባቸው ሁለት የስቴት ፓርክ ምንጮች ለእናንተ ይመቻሉ። ዌኪዋ ስፕሪንግስ አፖፕካ ውስጥ ነው፤ ለኪሲሚ የሚቀርበው እሱ ነው። ደሊዮን ስፕሪንግስ ከብሉ ስፕሪንግ በስተሰሜን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ውኃቸው ያው 72 ግድም፣ መግቢያቸውም በመኪና 6 ዶላር ነው። ሁለቱም በማለዳ ይሞላሉ፤ ጥገና ላይ ሆኖ የዋናው ክፍል የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ ከመነሣታችሁ በፊት የፓርኩን ገጽ እዩ። አንድ ላይ ለመጨረስ ብላችሁ ከብሉ ስፕሪንግ ቀጥታ ወደ ደሊዮን አትሂዱ። ለማናቲ የተመቸው ብርድ ቀን ለዋና ይከፋል፤ ልጁ ውኃው ውስጥ ደህና ሆኖ ሲወጣ ነው በነፋሱ የሚንቀጠቀጠው። ከትንበያው ውስጥ ከሁሉ የሚሞቀውን ቀን ለዋና ስጡት።

72 ፋራናይት ለገላ ቀዝቃዛ ነው። ልጅ በ15 እና በ20 ደቂቃ ይውጣ፣ ይጥረግ፣ ደረቅ ልብስ ለብሶ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ከንፈሩ ከጠቆረ ዋናው አልቋል። ደሊዮን ላይ ዳሩ ጉልበት አይደርስም፣ መሐሉ ግን ወደ 30 ጫማ ይወርዳል፤ ውኃው እጅግ ስለሚጠራ ጥልቀቱ ለዓይን አጭር ይመስላል። ዋና የማይችል ልጅ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይልበስ፣ አንድ ትልቅ ሰውም ስልኩን አስቀምጦ ውኃው ውስጥ አብሮ ይቁም። ጠባቂ ዋናተኛ ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ። ከተከለለው ገመድ ውጭ ማንም አይሂድ፤ ከገመዱ ወዲያ ያለው ውኃ የአሊጌተር ነው።

ከማናቲ ጋር አብሮ የሚዋኝበትን ክሪስታል ሪቨርን አንድ ሰው ሊጠቁማችሁ ይችላል። እውነት ነው፣ በምዕራቡ ዳርቻ ከመሪ ጋር በሕግ ይፈቀዳል። ነገር ግን ከኪሲሚ ሁለት ሰዓት ያህል ይነዳል፣ ጠዋት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በጎማ ልብስ ያለ እንቅስቃሴ መንሳፈፍን ይጠይቃል፣ እናትዎም ጀልባው ላይ ተቀምጠው መጠበቅ ይኖርባቸዋል። ለእናንተ ቤተሰብ የብሉ ስፕሪንግ የእንጨት መንገድ ይሻላል፤ እናትዎና ትንሹ ልጅ አንድ ሰገነት ላይ ቆመው እኩል ያያሉ።